ከሐረር ተነሥቶ የባቢሌን ዝሆኖች በግማሽ ቀን ለመጎብኘት የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሐረር ወይም በድሬዳዋ ለሚኖር፣ አለዚያም ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ እነዚህ ከተሞች መጥቶ አንድ ጠዋት ብቻ ነጻ ጊዜ ላለው ሰው ነው። ጉዞው በአጭሩ ሲገለጽ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሐረር ተነሥቶ፣ በባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ውስጥ በስካውት (መሣሪያ በያዘ የመጠለያው ጠባቂ) እየተመሩ በእግር ተጉዞ፣ ዝሆኖቹን ከአስተማማኝ ርቀት አይቶ፣ ለምሳ ሐረር መግባት ማለት ነው። በደቡባዊ አፍሪካ አገሮች በግለሰቦች ይዞታ ሥር በታጠሩ የአራዊት ክልሎች የሚደረገውን ጉብኝት በቴሌቪዥን ያየ ሰው፣ ጣሪያ በሌለው መኪና ላይ እንደ ተቀመጠ አንበሳው ጎማው ሥር ድረስ መጥቶ ሲተኛ ለማየት ይጠብቅ ይሆናል። ባቢሌ እንደዚያ አይደለም። አጥር የለውም፤ እንስሳቱም መኪና አልለመዱም፤ ገበሬው፣ ከብቱ፣ ግመሉና ዝሆኑ የሚውሉት በአንድ ሸለቆ ነው። በዚህ ምክንያት የጉዞው ውጤት የሚወሰነው በመኪናው ዓይነት ሳይሆን ከዋዜማው ምሽት በሚደረግ የስልክ ጥሪና በጠዋቱ ነፋስ ነው፤ መመሪያውም ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠው ለእነዚህ ለሁለቱ ነው።

መጠለያው በ1962 ዓ.ም. በተለይ ዝሆኖቹን ለመጠበቅ የተቋቋመ ሲሆን፣ ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይነገራል። ቦታው በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ይዞታ ላይ ያረፈ ነው፤ ጎበሌ፣ ኤረር፣ ዳካታና ፋፈን የተባሉት ወንዞች ቆላውን እየሰነጠቁ ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ አቅጣጫ ይወርዳሉ። ይህን ያህል ስፋት ባለው አገር ላይ የቀሩት ዝሆኖች ጥቂት መቶዎች ብቻ ስለሆኑ፣ መረጃ ሳይዙ ወጥቶ በዕድል መንጋ ላይ መድረስ የሚታሰብ አይደለም።

ወቅቱን መምረጥ

ለግማሽ ቀን ጉዞ የሚመቹት የበጋ ወራት፣ በተለይም ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ሣሩ ይደርቃል፤ ቁጥቋጦው ቅጠሉን ያራግፋል፤ ስለዚህ ዓይን ራቅ ብሎ ማየት ይችላል። ውኃ በየቦታው ስለማይገኝም እንስሳቱ ወደ ወንዝ ዳር ይሰበሰባሉ። በክረምትና በበልግ ግን ከአስፋልት የሚወጣው መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ደረቅ የነበረው የአሸዋ ወንዝም በላይኛው አገር በጣለ ዝናብ ምክንያት ድንገት ሊሞላ ይችላል። ዝሆኖቹ እንደ ወቅቱ በጎበሌና በኤረር ሸለቆዎች መካከል እንደሚዘዋወሩ መዘንጋት የለበትም። መንጋው በኤረር በኩል ካለ ጉዞው በግማሽ ቀን ያልቃል፤ ወደ ጎበሌ ተሻግሮ ከሆነ ግን ቀኑን መለወጥ ወይም ሙሉ ቀን መመደብ ይገባል እንጂ «እንሞክረው» ብሎ መነሣት ነዳጅ ማቃጠል ብቻ ነው።

በረመዳን ወር የሚጓዝ ሰው ደግሞ አብዛኞቹ ስካውቶችና የሸለቆው ነዋሪዎች ጾመኞች መሆናቸውን አስቀድሞ ያስብ። ጉዞው አይከለከልም፤ ሆኖም ውኃ ሳይጠጣ በቆላ ፀሐይ የሚመራን ሰው ከጎብኚው ፍላጎት በላይ ማስኬድ አግባብ ስላልሆነ፣ ጊዜውን ማሳጠርና ከጾመኛው ፊት ዞር ብሎ መጠጣት ያስፈልጋል።

ከዋዜማው ቀን መጠናቀቅ ያለባቸው ጉዳዮች

የመጀመሪያው ጉዳይ ክፍያና ፈቃድ ነው። መጠለያው የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሥር ስለሆነ፣ የመግቢያው፣ የስካውቱና የመኪናው ሒሳብ ለጽሕፈት ቤቱ ተከፍሎ ደረሰኝ መቀበል ይገባል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የሚከፈት ገንዘብ ቤት ስለሌለ ይህን በዋዜማው፣ በሥራ ሰዓት መጨረስ ግዴታ ነው። የሐረር አስጎብኚዎች ይህን ሊያስፈጽሙ ይችላሉ፤ ከእነርሱ ጋር የሚዋዋል ሰው ግን የአስጎብኚው አበልና የመንግሥቱ ክፍያ ተለያይተው እንዲነገሩት ይጠይቅ። ያለ ስካውት ወደ መጠለያው መግባት በሕግም ሆነ በማስተዋል የማይሞከር ነገር ነው።

ሁለተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ከስካውቱ ጋር የሚደረገው የምሽት ንግግር ነው። በሸለቆው ማሽላና በቆሎ የሚያመርቱ ገበሬዎች እህሉ በሚደርስበት ወቅት ማማ ላይ ወጥተው እያደሩ ማሳቸውን ከዝሆን ይጠብቃሉ፤ ቆርቆሮ ይመታሉ፤ እሳት ያነዳሉ፤ ይጮኻሉ። መንጋው ሌሊት በየት በኩል እንዳለፈ ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት እነዚህ ጠባቂዎችና ግመል ይዘው የሚንቀሳቀሱት አርብቶ አደሮች ናቸው። ጎበዝ ስካውት ማለት ከእነርሱ ጋር በስልክ የሚገናኝ ሰው ነው።

ስለዚህ ስካውቱን «ዝሆኖቹ አሉ?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም፤ እንግዳን ማሳፈር ነውር በሆነበት አገር መልሱ ሁልጊዜ «አሉ፣ ኧረ ሞልተዋል» ነው። ይልቅስ «ጋሼ፣ ትናንት ማታ ያያቸው ማን ነው? የት ቦታ ላይ? ከአስፋልቱ በእግር ምን ያህል ያስኬዳል? ግልገል የያዙ ናቸው ወይስ ወንዶች ብቻ?» ብሎ በዝርዝር መጠየቅ ያሻል። በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ «አንድ ልጅ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ግራሩ ሥር አይቷቸዋል፣ አሁን ደውዬ አጣራለሁ» የሚል ስካውት ከተገኘ ጉዞው ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል። በዚሁ አጋጣሚ ስለ አካባቢው ጸጥታ ሳያፍሩ መጠየቅ ይገባል፤ መንገዱ የሁለት ክልሎችን አዋሳኝ የሚነካ በመሆኑ በሐረር ያለ ሰው ያልሰማውን ነገር የባቢሌ ሰው ያውቃል። ምላሹ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞውን ማስተላለፍ ነው እንጂ መከራከር አያስፈልግም።

ሦስተኛው መኪና ነው። ከሐረር እስከ ባቢሌ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ሲሆን ወደ ጅጅጋ የሚያልፈው ዋናው መንገድ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሸለቆው የሚገባው ግን ድንጋይና አሸዋ የበዛበት ስለሆነ ከመሬት ከፍ ያለ ፎር ዊል መኪና ኮንትራት መያዝ ያስፈልጋል። በመናኸሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ የሚል ሰው፣ ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሣ ፀሐይ ትወጣበታለች። ከሾፌሩ ጋር ሲዋዋሉ የመነሻና የመመለሻ ሰዓቱን፣ ነዳጁ በማን እንደሆነና መኪናው ጎብኚዎቹ እስኪመለሱ በቦታው ቆሞ እንደሚጠብቅ መነጋገር ይገባል። እዚህ ላይ አንድ የአገሩ ጠባይ መታወስ አለበት፤ የሐረር ሾፌር ከምሳ በኋላ በርጫው ላይ መገኘት ስለሚፈልግ፣ እስከ ቀትር የሚያልቅ ጉዞ ከሆነ በዋጋም በፈገግታም ይስማማል፤ ከሰዓት በኋላን የሚነካ ከሆነ ግን ድርድሩ ሌላ ነው።

ከድሬዳዋ የሚነሣ ሰው ማታውኑ ሐረር መጥቶ ቢያድር እመክራለሁ። በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል የሚያልፈው 50 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ በጨለማ ሲጓዙበት ያደክማል፤ በዚያ ላይ የዝሆኑን ሰዓት ያሳልፋል። ሐረር ያደረ ሰው እግረ መንገዱን ከጁገል ግንብ ውጭ ጅብ ሲመገብ ማየት ይችላል። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከዝሆኑ ይልቅ የሚስማማውም ይኸው የጅቡ ትርኢት ነው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳያወራ በእሾህ መካከል የሚሄድ ሕፃን ገና አልተወለደም።

አለባበስና ስንቅ

ልብሱ አሮጌ፣ ረጅም እጅጌ ያለው፣ ቀለሙም እንደ አፈር ወይም እንደ ደረቅ ሣር የደበዘዘ ይሁን። ነጭ ነጠላም ሆነ ደማቅ ቀይ ሹራብ ከሩቅ ስለሚያጋልጥ አይለበስም። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍንና ሶሉ ወፍራም መሆን አለበት፤ የግራር እሾህ ስስ ሸራ ጫማን በስቶ እግር ይደርሳል። በሸለቆው ተስፋፍቶ የሚገኘው የበለስ ቁልቋል ደግሞ ከትልልቁ እሾህ ሌላ በዓይን የማይታይ ጸጉር መሳይ እሾህ ስላለው፣ ሱሪ ላይ ተጣብቆ ቆይቶ ማታ ቤት ሲገቡ ማሳከክ ይጀምራል፤ ለዚህ ሲባል ወረንጦ መያዝ ብልህነት ነው። ቦታው ወባ የሚገኝበት ቆላ መሆኑም መታሰብ አለበት።

ሽቶ፣ የሚያውድ ቅባትና ሲጋራ በዚህ ጠዋት አይነኩም፤ ምክንያቱ ስለ ነፋስ በሚናገረው ክፍል ይገለጻል። ለአንድ ሰው ከሁለት ሊትር ያላነሰ ውኃ፣ ባርኔጣ፣ መታወቂያ ወረቀትና የርቀት መነጽር ከተያዘ ይበቃል። መታወቂያው በመንገዱ ላይ ለሚያጋጥሙ የፍተሻ ኬላዎች ያስፈልጋል። ስልክ ድምፁ ይጠፋል፤ ካሜራ ላይ ያለው ፍላሽም ይዘጋል። ቁርስን በተመለከተ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሆድ አይከፈትም፤ ከዋዜማው የተገዛ ሳምቡሳና በፔርሙስ የተያዘ ሻይ በባቢሌ ከተማ ስካውቱን ሲቀበሉ መኪና ውስጥ ይቀመሳል። ፔስታሉ ከመኪናው አይወርድም፤ በእግር ጉዞ ላይ የሚንኮሻኮሽ ፔስታል ከሰው ወሬ የባሰ ነው።

የእግር ጉዞው አጀማመር

መኪናው ስካውቱ በሚያሳየው ቦታ ቆሞ ሞተሩ ይጠፋል፤ በር ሳይደበደብ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ስካውቱ ከፊት፣ አስጎብኚው ከኋላ፣ ጎብኚዎች በመካከል ሆነው በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። ከአምስት ሰው በላይ የሆነ ቡድን ለሁለት ተከፍሎ በተለያየ ቀን ቢሄድ ይሻላል። ከመነሣት በፊት በምልክቶች መስማማት ያስፈልጋል፦ የተዘረጋ መዳፍ «ቁሙ» ማለት ነው፤ ወደ ታች የሚጫን እጅ «ቁጭ በሉ» ነው፤ ወደ ኋላ የሚያሳይ አውራ ጣት ደግሞ «ሳትዞሩ ተመለሱ» ማለት ነው። ስካውቱ የተለየ ምልክት የሚጠቀም ከሆነ የእርሱ ይጸናል። የያዘው መሣሪያ ጎብኚው እንዲደፍር የተሰጠ ዋስትና አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ወደ ሰማይ ተተኩሶ ዝሆን ለማስደንገጥ ነው፤ ያን ጥይት የሚያስተኩስ ጉብኝት የተበላሸ ጉብኝት ነው።

በመንገድ ላይ ማሳ ሲያቋርጡ ወይም እረኛ ሲያገኙ ቆም ብሎ «አሰላሙ ዐለይኩም» ማለት ይገባል። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የዕለቱ ትኩስ ወሬ የሚገኘው በዚህ ሰላምታ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ ሲመታ ያደረና ማሽላው የተረገጠበት ሰው ፊት ግን «ዝሆን ልናይ ነው!» እያሉ መፈንጠዝ አይገባም።

ዱካን ማንበብ

ከሁሉ የሚያስደስተኝ የጉዞው ክፍል ይህ ነው፤ ዝሆኑ ባይገኝ እንኳ ዱካ ያነበበ ሰው ባዶ እጁን አልተመለሰም። የፊት እግር ዱካ ክብ ነው፤ የኋላው ረዘም ብሎ እንቁላል ይመስላል። የአቅጣጫው ምልክት ከፊት በኩል ያሉት የጥፍሮቹ ጠርዞች ናቸው። የፊት እግሩ ዱካ ዙሪያ በክር ተለክቶ በሁለት ቢባዛ የዝሆኑን ከትከሻው እስከ መሬት ያለ ቁመት በግምት ይሰጣል። ጎንበስ ብሎ በደንብ ላየው ደግሞ አቧራው ላይ የእግሩ መዳፍ ስንጥቆች እንደ ካርታ ታትመው ይታያሉ። ስንጥቆቹ ጥርት ብለው ጠርዛቸው ካልፈረሰ ዱካው የዛሬ ነው፤ በላዩ ላይ ሌሊት የሚሄዱ ትናንሽ ነፍሳት ወይም የቆቅ እግር አልፎበት ከሆነ ግን ዝሆኑ ከዚያ በፊት አልፏል። ስካውቶች እዚህ ላይ ዝም ብለው ብዙ ደቂቃ ይቆያሉ፤ አያጣድፏቸው።

ፋንድያውም ይነበባል። አዲስ ከሆነ ያብረቀርቃል፣ ያጤሳል፣ ዝንብ ይወረዋል፣ ጢንዚዛም ሊያንከባልለው ይሰበሰባል። በእንጨት ሲከፈት ያልተፈጨ የግራር ፍሬና የቁልቋል ጭረት ይታያል፤ ሙሉ ዕድገት ላይ የደረሰ ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ ግራም የሚደርስ ምግብ የሚበላ ቢሆንም፣ ከበላው ብዙው ሳይፈጭ ስለሚወጣ ዘሩን አገር ለአገር ያዞራል። ቀጥሎ ዛፉ ይታያል፤ የተገነጠለው ቅርንጫፍ ጫፍ እርጥብ ከሆነ፣ የተላጠው ቅርፊት ሥር ያለው እንጨትም ገና ካልጠቆረ፣ መንጋው ቅርብ ነው። የበለስ ቁልቋሉ ተነክሶ ውኃው ገና የሚንጠባጠብ ከሆነማ ስካውቱ እጁን ዘርግቶ ያስቆማል።

በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ አንዳንድ ጊዜ ጉድጓድ ይታያል። ይህ ዝሆኑ በእግሩና በኩምቢው ቆፍሮ ውኃ ያወጣበት ነው፤ እርሱ ከሄደ በኋላ ሌሎች እንስሳትም ይጠጡበታል። በዚህ አካባቢ አጋዘን፣ አምባራይሌ፣ እንሹ፣ ከርከሮና ዝንጀሮ ሊያጋጥሙ ስለሚችሉ ዓይንን ከዱካ ላይ አንሥቶ ዙሪያውን መቃኘት ይጠቅማል። መጠለያው በጥቁር ጎፈር አንበሳም ይታወቃል፤ ነገር ግን በግማሽ ቀን አንበሳ አሳያለሁ የሚል አስጎብኚ ካለ ጨዋታ ነው።

ነፋሱ

የዝሆን ዓይን ደካማ ነው፤ አፍንጫው ግን የሰውን ጠረን ከሩቅ ይለያል። በተለይ ከሰው ጋር በማሳ ምክንያት ሲጋጭ የሚኖር የባቢሌ ዝሆን ይህን ጠረን ከአደጋ ጋር አያይዞ ስለሚያውቀው፣ ወይ ይሸሻል ወይ ይቆጣል። ስለዚህ መቅረብ የሚቻለው ነፋሱ ከዝሆኑ ወደ ሰው ሲነፍስ ብቻ ነው።

ሸለቆ የራሱ የነፋስ ሥርዓት አለው። ሌሊት በዳገቶቹ ላይ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሚሆን እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጎህ ከቀደደ በኋላም ፀሐይ ዳገቱን እስክታሞቀው ድረስ በዚሁ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ጎብኚው ከታች፣ ዝሆኑ ከላይ ቢሆኑ ጠረን አይደርሰውም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ግን የሞቀው አየር ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፤ ሁለቱ በሚለዋወጡበት መካከል ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ አንድ ጊዜ ፊት ላይ፣ ሌላ ጊዜ ማጅራት ላይ ይሰማል። አደገኛው ሰዓት ይህ ነው። እኩለ ቀን ሲቃረብ ደግሞ ዝሆኖቹ ወደ ጥላው፣ ቁጥቋጦውና ቁልቋሉ ወደ ጠበቀበት ገብተው ያርፋሉ፤ እዚያ ውስጥ የቆመ ዝሆን በሃያ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ እንኳ ላይታይ ይችላል። እንግዲህ ጉዞው የግማሽ ቀን የሆነው ለጎብኚው ምቾት ተብሎ አይደለም፤ ከ4 ሰዓት በኋላ መቅረቡ ትርፉ ትንሽ፣ አደጋው ብዙ ስለሆነ ነው።

ነፋሱን ለማወቅ ጥሩው ዘዴ የተነፋ አመድ በስስ ጨርቅ ቋጥሮ ይዞ በየጥቂት ደቂቃው ነቅነቅ ማድረግ ነው። አመዱ የሚሄድበት አቅጣጫ የጠረን መንገድ ነው። አመድ ከሌለ ከመሬት ላይ የላመ አቧራ ቆንጥሮ መልቀቅም ይቻላል። «አቦ፣ ዞረብን!» ብሎ ስካውቱ ከተነሣ፣ ዝሆኑ ቅርብ ቢሆንና ፎቶው ገና ባይነሣም፣ ያለ አንዳች ክርክር ተከትሎ መውጣት ግድ ነው።

ዝሆኑ ከታየ በኋላ

ከመንጋው ጋር ያለው ርቀት ከመቶ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ግልገሎች ያሉበት መንጋ ከሆነ ከዚያም በላይ መራቅ ይገባል። የሴቶቹን መንጋ የምትመራው ትልቋ እናት ናት፤ የእርሷን ጠባይ መከታተል የመንጋውን ሁሉ ጠባይ ማወቅ ነው። ጆሮዋን በዝግታ እያራገበች፣ ጅራቷን እያወዛወዘች፣ ቅርንጫፍ እየሰበረች ከበላች ሰላም ናት፤ ጆሮ ማራገቡ ሰውነቷን የምታቀዘቅዝበት መንገድ ነው። መብላቷን ድንገት አቁማ ኩምቢዋን ወደ ላይ ካነሣችና ጫፉን ወዲያ ወዲህ ካዞረች ግን ጠረን እየፈለገች ነው፤ በዚያች ቅጽበት ማንም መንቀሳቀስ የለበትም።

ጭንቅላትን ከፍ አድርጎ ጆሮን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ አቧራ እየረገጠና እየጮኸ ወደ ፊት የሚመጣ ዝሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈራራ ነው፤ መንገድ ላይ ይቆማል። ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ ኩምቢውን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ ያለ ድምፅ የሚመጣው ግን የምሩን ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ስካውቱ እንዳደረገው ቆሞ፣ ፊትን ወደ ዝሆኑ አድርጎ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይሻላል፤ ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ ያባብሰዋል። በሁለተኛው ጊዜ ስካውቱ ወዳመለከተው ወፍራም ዛፍ፣ ቋጥኝ ወይም ገደል ጀርባ መሸሸግ ነው፤ ሰው ዝሆንን በሩጫ አያመልጥም። ቦርሳን ወይም ባርኔጣን ጥሎ መሄድ አንዳንድ ጊዜ ትኩረቱን ለአፍታ ይይዘዋል።

ብቻውን የሚሄድ ወንድ ዝሆን በዓይኑና በጆሮው መካከል ካለው ዕጢ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ወደ ጉንጩ ሲወርድ፣ የኋላ እግሮቹም በሽንት ረጥበው ሲታዩ፣ የፍትወት ወቅቱ ላይ ነው ማለት ነው፤ ይህን ያየ ቡድን በመነጽር አንድ ጊዜ ተመልክቶ ይመለስ።

ከመንጋው ጋር የሚቆዩበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢሆን በቂ ነው። ፎቶ ሲያነሡ ዝሆኑ ያለበትን ቦታ የሚያሳውቅ የስልክ ቅንብር መጥፋት አለበት፤ ምስሉንም የሸለቆውን ስም ጠቅሶ በዚያው ቀን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ ለጥርስ አዳኝ መንገድ ማሳየት ነው። በመንገድም ሆነ በከተማ ጌጥ ነው ተብሎ የዝሆን ጥርስ ቢቀርብ አይገዛም፤ መንግሥት በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በይፋ ያቃጠለው ይህ ንግድ ተቀባይነት እንደሌለው ለማሳየት ነበር።

ዝሆኑ ካልተገኘ

እስከ 4 ሰዓት ትኩስ ዱካ ካልተገኘ ስካውቱን «ትንሽ እንግፋ» ብሎ መጎትጎት አይገባም። ወደ መኪናው ተመልሶ፣ ባቢሌን አልፎ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የዳካታን የድንጋይ ሸለቆ ማየት ይቻላል። ዝናብና ነፋስ ለዘመናት የቀረጿቸው፣ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ ለመውደቅ የተዘጋጁ የሚመስሉ ቋጥኞች ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ለዚህ ረጅም የእግር ጉዞ አያስፈልግም።

መመለስና ሒሳብ መዝጋት

በመመለሻው ላይ ስካውቱ ወደሚወርድበት ባቢሌ ገብቶ ልብስንና ጫማን ማራገፍ፣ በሰውነት ላይ መዥገር መኖሩን መፈተሽ ያስፈልጋል። ለስካውቱ የሚሰጠው ጉርሻ በደረሰኝ ከተከፈለው ሒሳብ የተለየ ስለሆነ በእጁ ይሰጠው፤ ዝሆን ባያሳይም ድካሙ ያው ነውና ጉርሻውን በዝሆን መታየት መመዘን ትክክል አይደለም። መረጃ የሰጡ እረኞችና የማሳ ጠባቂዎች ካሉ የእነርሱን ድርሻ በስካውቱ በኩል ማድረስ ይሻላል፤ መንገድ ላይ ለልጆች ሳንቲም መበተን ግን ልጆቹ ከብቱን ትተው መኪና እንዲያሳድዱ ያስተምራል። ለልጆቹ ማሰብ የፈለገ ሰው ከባቢሌ ገበያ የተቆላ ለውዝ ከእናቶቻቸው ይግዛ፤ የባቢሌ ለውዝ ሐረርም ድሬዳዋም ለስጦታ ይወሰዳል።

የታዩት እንስሳት ብዛት፣ ግልገሎች መኖር አለመኖራቸው፣ የቆሰለ ወይም የሚያነክስ ዝሆን ታይቶ ከሆነም ይኸው፣ ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር በስካውቱ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ማስታወስ የጎብኚውም ድርሻ ነው። ወጥመድ፣ የጥይት ቀለህ ወይም አዲስ የተቆረጠ ዛፍ ያየ ሰው ሳይነካ ፎቶ አንሥቶ ለመጠለያው ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ። ከባቢሌ 5 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሣ መኪና ከቀትር ጥቂት አለፍ ሲል ሐረር ይገባል፤ ሾፌሩም በውሉ መሠረት ቀሪ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሰናበታል።